እንግሊዝ አሜሪካን መልሳ ለማስገበር ከሞከረቻቸው አምስት የጦር ስልቶች የትኛው፣ መቼ ይሻል ነበር? (1775–1783)

ዐሥራ ሦስቱ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ባመፁ ጊዜ እንግሊዝ አምስት መንገድ ነበራት፤ ወደቦችን መዝጋት፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን ጦር አሳድዶ መደምሰስ፣ የሃድሰንን ወንዝ ይዞ አመፁን ለሁለት መቁረጥ፣ ታላላቅ ከተሞችን መያዝ፣ በደቡብ ያሉትን የንጉሡን ታማኞች አስታጥቆ በእነሱ መግዛት። ጦርነቱ በፈጀው ስምንት ዓመት ሁሉንም ሞክራቸዋለች፤ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ የዘመቻ ወቅት። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመመዘን ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለታሪክ ተማሪም፣ የጦር ትምህርት ለሚከታተልም፣ ካርታ ዘርግቶ የጦር ጨዋታ ለሚጫወትም ይሆናል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

ውጊያውን ማን አሸነፈ የሚለው ጥያቄ እዚህ ብዙ አይረዳም። እንግሊዞች ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ብራንዲዋይን ላይ፣ ቻርልስተን ላይ፣ ካምደን ላይ፣ ጊልፎርድ ላይ አሸንፈው ጦርነቱን ተሸንፈዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስልት በአራት ጥያቄ እንፈትነዋለን።

አንደኛ፦ ከድሉ ማግስት ለቀጣዩ ዘመቻ የሚተርፍ ወታደር ስንት ነው? የተያዘ ቦታ ሁሉ ዘብ ይበላል። ከተማው ዘብ ይሻል፣ መንገዱ ዘብ ይሻል፣ ለፈረስ ድርቆሽ ፍለጋ የሚወጣው ጋሪም አጃቢ ይሻል።

ሁለተኛ፦ ጦሩ ከውኃ ምን ያህል ይርቃል? ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነውና በቁጥር እንየው። የአንድ ወታደር የቀን ቀለብ 450 ግራም ያህል ዱቄት ወይም ዳቦ ከጨው ሥጋ ጋር ነበር። በኦገስት 1776 ኒው ዮርክ የተሰበሰበው የጄኔራል ዊልያም ሃው ጦር 32,000 ገደማ ነበር፤ ለዱቄት ብቻ በቀን 14 ቶን ማለት ነው። ስንቁ በአብዛኛው ከአየርላንድ፣ ከኮርክ ወደብ ተጭኖ አትላንቲክን ያቋርጣል። ነፋሱ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ጉዞው ሁለት ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መርከቡ ሲዘገይ ወይም ዱቄቱ ሲሻግት ጦሩ ከሰፈሩ አይነቃነቅም። ወደብ የደረሰ እህል ወንዝ ካለ በጀልባ ይሄዳል፣ ከሌለ በጋሪ ነው፤ ጋሪ ፈረስ ይሻል፣ ፈረስ በቀን ዐሥር ኪሎ ያህል መኖ ይበላል። ከወንዙ በተራቀ ቁጥር ጋሪው ከጫነው ውስጥ ለራሱ ፈረሶች የሚሄደው ድርሻ ያድጋል። እንግሊዝ ያሸነፈችባቸውንና የተሸነፈችባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ ብንነጥብ ይህ ሒሳብ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሦስተኛ፦ ጦሩ ሲሄድ የንጉሡ ታማኞች ምን ይሆናሉ? ዛሬ በአደባባይ ለንጉሡ የማለ ገበሬ ነገ ወታደሩ ሲለቅ ቤቱ ይቃጠላል። ይህንን ያየ ጎረቤት ሁለተኛ አይምልም።

አራተኛ፦ ፈረንሳይ ብትገባ ስልቱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ፈረንሳይ ከአማፂዎቹ ጋር የተፈራረመችው ፌብሯሪ 6 ቀን 1778 ነው። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት የተለያዩ ጦርነቶች ናቸው፤ አንዱን መልስ ለሁለቱም መስጠት ትልቁ ስሕተት ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ወደብ መዝጋት

የእንግሊዝ የጦር ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሎርድ ባሪንግተን ገና ከጅምሩ ያዘነበለው ወደዚህ ነበር። እግረኛ ጦር ወደ መሀል አገር ገብቶ ሰፊ ሕዝብ ሊገዛ አይችልም፣ ባሕር ኃይሉ ግን ንግዳቸውን አንቆ ወደ ድርድር ሊያመጣቸው ይችላል የሚል ነው። በደም ረገድ ርካሹ አማራጭ ነው፤ ከውኃ አይርቅም፣ ዘብ አይበላም።

ችግሩ ሦስት ነው። የባሕሩ ዳርቻ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ወሽመጡና ደሴቱ ብዙ ነው፤ ለዚያ የተመደቡት መርከቦች ጥቂት ነበሩ፣ እነሱም ስንቅ የጫኑትን እያጀቡ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ ነበረ። በካሪቢያን ያለችው የሆላንድ ደሴት ሲንት ኤውስታቲየስ ገበያዋ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ አማፂዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተኮሱት ባሩድ እጅግ አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ሦስተኛ፣ የሚራብ ሰው የለም። ሕዝቡ ገበሬ ነው፤ ሻይ፣ ጨርቅና ጨው ቢወደድበት ይማረራል እንጂ እጁን አይሰጥም። እገዳ ዓመታት ይፈልጋል፣ ንጉሡና ፓርላማው ደግሞ ፈጣን ውጤት ፈለጉ።

ብዙዎች ከእገዳ ጋር የሚያምታቱት ዳርቻን ማቃጠል ነው። በኦክቶበር 1775 የዛሬዋ ፖርትላንድ፣ የያኔዋ ፋልማዝ፣ ከመርከብ በተተኮሰ መድፍ ነደደች። በጁላይ 1779 በኮኔቲከት ፌርፊልድና ኖርዎክ ተቃጠሉ። ይህ እገዳን አያጠናክርም። ከጎን ቆሞ ይመለከት የነበረውን ሰው ወደ አማፂው ጎራ ይገፋዋል፤ ሁለቱን ለይቶ መመዘን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ጦሩን መደምሰስ

ከአምስቱ ለእውነተኛ ድል የቀረበው ይህ ነው፤ የቀረበውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1776 መገባደጃ። እንዴት እንዳመለጠ በዝርዝር ማየት ይገባል።

ከኦገስት 26 ለ27 አጥቢያ ሌሊት ሎንግ አይላንድ ላይ 10,000 ያህል የእንግሊዝ ወታደር ጃማይካ በሚባለው መተላለፊያ ዞሮ የአማፂዎቹን ግራ ክንፍ ከኋላ ያዘ። መተላለፊያውን ይጠብቁ የነበሩት አምስት ፈረሰኛ መኮንኖች ብቻ ነበሩ። የተረፈው የዋሽንግተን ጦር ብሩክሊን ምሽግ ውስጥ ገባ፤ ጀርባው ወንዝ ነው። ሃው በዚያው ግለት ምሽጉን ከመድፈር ይልቅ አቁሞ የከበባ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ምክንያት ነበረው። ከአንድ ዓመት በፊት ጁን 17 ቀን 1775 በባንከር ሂል ራሱ መርቶ ምሽግ ፊት ለፊት ሲያጠቃ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎበታል፤ የሠለጠነ ወታደር ሲጎድል ምትኩ ውቅያኖስ ማዶ ነው። ነገር ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የጦር መርከቦቹ ወንዙን እንዳይወጡ ከለከላቸው፤ ኦገስት 29 ሌሊት ዋሽንግተን 9,000 ያህል ሰው በጀልባ አሻገረ። ቀዛፊዎቹ ከማሳቹሴትስ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ጎሕ ሲቀድም ጉም ሸፈናቸው።

ሁለተኛው ዕድል የተበላሸው በአቅጣጫ ነው። ማንሃተን ደሴት ናት፤ መውጫዋ በሰሜን ጫፍ በኪንግስብሪጅ በኩል ነው። ወንዞቹን የያዘ ጦር ከደሴቷ በላይ ወርዶ መውጫውን መዝጋት ይችላል፤ ጄኔራል ሄንሪ ክሊንተንም ይህንኑ መክሮ ነበር። ሃው የመረጠው ዋሽንግተንን ከፊት እየገፋ ከቦታ ቦታ ማስለቀቅ ሆነ። በኖቬምበር 16 ፎርት ዋሽንግተን ወድቆ ከ2,800 በላይ ሰው ተማረከ፤ ዋናው ጦር ግን ኒው ጀርሲን አቋርጦ ደላዌርን ተሻገረ፣ በወንዙ ላይ ያሉትን ጀልባዎችም ወደ ማዶ ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለመጀመሪያው መመዘኛችን ዋና ማስረጃ ነው። ሃው ኒው ጀርሲ ውስጥ ታማኞችን ለመጠበቅ ብሎ ጦሩን በተራራቁ ሰፈሮች በተነው። ከዳር ያለችው ትሬንተን በጀርመን ቅጥረኞች ተይዛ ምሽግ እንኳ አልተሠራላትም። ዲሴምበር 26 ንጋት ላይ 900 ያህሉ ተማረኩ። በሳምንቱ ዋሽንግተን ፕሪንስተን ላይ ደገመ፤ እንግሊዞች አብዛኛውን ኒው ጀርሲ ለቀቁ፣ ለንጉሡ የማሉትም ሜዳ ላይ ቀሩ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሃውና አድሚራል ወንድሙ ከጦር አዛዥነታቸው ጋር የሰላም ልዑካን ነበሩ። አንድ እጅ ለማጥፋት፣ አንድ እጅ ለማስታረቅ የተዘረጋ አዛዥ ግማሽ ድልን በቂ አድርጎ ማየቱ አይቀርም። ይህንን ስልት የመረጠ ሥልጣኑን መጀመሪያ መለየት አለበት። ከ1777 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን ትምህርቱን ወስዷል፤ በጁን ሃው ከሚድልብሩክ ኮረብታ ሊያወርደው ደጋግሞ ሞክሮ አቃተው።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ሃድሰንን መያዝ

ካርታ ላይ እጅግ ያምራል። ከካናዳ በሻምፕሌን ሐይቅ፣ ከዚያ በሃድሰን ወንዝ እስከ ኒው ዮርክ አንድ የውኃ መስመር አለ፤ እሱን የያዘ የአመፁን መነሻ ኒው ኢንግላንድን ከሌሎቹ ይቆርጣል። ደካማ ጎኑ መስመሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መርዘሙ ነው። ለመቁረጥ ማለፍ አይበቃም፤ ምሽግና ጀልባ እያስቀመጡ መሄድ ይጠይቃል።

ጄኔራል ጆን በርጎይን በ1777 ከ7,000 በላይ ሰው ይዞ ከካናዳ ወረደ። ቲኮንደሮጋን ጁላይ 6 ያለ ብዙ ደም ያዘ፤ ለጥበቃዋም 900 ያህል ሰው ተወ። ቀጥሎ ከስኪንስቦሮ እስከ ፎርት ኤድዋርድ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አማፂዎቹ ዛፍ እየገነደሱ መንገዱን ዘጉት፣ ጅረቱን ወደ መንገድ መለሱት፤ የእንግሊዝ ጦር ከ40 በላይ ድልድይ መሥራት ነበረበት። ጋሪዎቹ ከእርጥብ እንጨት ተቸኩሎ የተሠሩ ስለነበሩ ተሰባበሩ፣ የፈረሱ ቁጥር ከሚያስፈልገው በታች ነበር፣ መድፉ ግን አልተቀነሰም። ወደ ቲኮንደሮጋ ተመልሶ በጆርጅ ሐይቅ በጀልባ መሄድ ይችል ነበር፤ ማፈግፈግ ይመስላል ብሎ ተወው። ፈረስና እህል ፍለጋ ወደ ቤኒንግተን የላከው ጦር ኦገስት 16 ተመታ፣ 900 ያህል ሰው ጠፋ። ኦክቶበር 17 ሳራቶጋ ላይ 5,800 ያህል ሆነው እጅ ሰጡ።

ጥፋቱን በርጎይን ላይ ብቻ መጫን ግን አያስኬድም። በለንደን የቅኝ ግዛቶቹን ጉዳይ የሚመራው ሎርድ ጀርሜን የበርጎይንንም ዕቅድ፣ ሃው ፊላደልፊያን የሚይዝበትንም ዕቅድ አጽድቋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላል የአገራችን ሰው። ሃው ከ15,000 በላይ ሰው በመርከብ ጭኖ ጁላይ 23 ወደ ደቡብ ሄደ፤ ኒው ዮርክ የቀረው ክሊንተን ወደ ሰሜን ለመርዳት የተንቀሳቀሰው በኦክቶበር፣ በርጎይን እጅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው።

የተሻለው አፈጻጸም ተገላቢጦሹ ነበር፤ ዋናው ጦር ከኒው ዮርክ ወደ ላይ፣ ከካናዳ ደግሞ ጠላትን ለማሰናከል ብቻ ትንሽ ኃይል። የባሕሩ ሙላት ሃድሰንን ይዞ ከአልባኒም አልፎ ይሄዳል፤ ስንቅ በመርከብ ይደርሳል፣ ጋሪም ሆነ ድልድይ አያስፈልግም። ዋሽንግተንም ይህን መስመር እንዲሁ አይለቅም፤ ስለዚህ ሁለተኛው አማራጭ የሚመኘው ትልቅ ውጊያ ከውኃ ዳር፣ እንግሊዝ በሚመቻት ቦታ ይመጣ ነበር።

አራተኛው አማራጭ፦ ከተሞችን መያዝ

አጭር ነው። ሃው 33 ቀን በባሕር ተጉዞ፣ ብዙ ፈረስ አልቆበት፣ ብራንዲዋይን ላይ አሸንፎ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1777 ፊላደልፊያ ገባ። የአማፂዎቹ ኮንግረስ ዕቃውን ጠቅልሎ ዮርክ በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ ሥራውን ቀጠለ። በደላዌር ወንዝ ያሉት ምሽጎች እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ስላልወደቁ ስንቅ እስኪገባ ጦሩ ተጨነቀ። ጁን 18 ቀን 1778 ከተማዋ ተለቀቀች። አመፁ አንድ ራስ አልነበረውም፤ ዐሥራ ሦስት ምክር ቤቶች ነበሩት።

ከተማ የሚያዘው ወደብ ሲሆን ነው። ኒው ዮርክ እስከ ኖቬምበር 25 ቀን 1783 በእንግሊዝ እጅ የቆየችው መርከብ በር ላይ ስለሚያራግፍላት ነው።

አምስተኛው አማራጭ፦ ደቡብና የንጉሡ ታማኞች

ከ1778 በኋላ ወታደር አነሰ። ሃውን ተክቶ ዋና አዛዥ ከሆነው ከክሊንተን ጦር 5,000 ያህሉ ሴንት ሉሲያን ለመያዝ ወደ ካሪቢያን ተላኩ፤ በንግድ ረገድ የስኳር ደሴቶቹ ከአሜሪካ በላይ ይመዘኑ ነበር። በደቡብ ታማኝ ብዙ ነው ተባለ፤ ወታደሩ አገሩን ያጸዳል፣ ታማኙ ሚሊሻ ሆኖ ይጠብቃል የሚል ስሌት ነው።

አጀማመሩ የተሳካ ነበር። ሳቫና ዲሴምበር 29 ቀን 1778 ተያዘች። ቻርልስተን በከበባ ሜይ 12 ቀን 1780 ስትወድቅ ከ5,000 በላይ ሰው ተማረከ፤ አማፂዎቹ በጦርነቱ ሁሉ ከደረሰባቸው ትልቁ ሽንፈት ነው። በኦገስት 16 በደቡብ የቀረው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ካምደን ላይ ሌላ ጦር በተነ።

የተበላሸው በአንድ አዋጅ ነው ማለት ይቻላል። ክሊንተን ወደ ኒው ዮርክ ሊመለስ ሲል ጁን 3 ቀን ባወጣው አዋጅ ተማርከው ዳግም ላለመዋጋት በሰጡት ቃል ተለቅቀው ቤታቸው የተቀመጡት ሰዎች ከጁን 20 ጀምሮ ለንጉሡ መማል፣ ሲጠሩም መዝመት አለባቸው፤ እምቢ ያለ አማፂ ነው አለ። አርፎ ለመቀመጥ የተስማማ ሰው ከሁለት አንዱን ምረጥ ሲባል ብዙው ጠመንጃውን ከተደበቀበት አወጣ። ከዚያ የእርስ በርስ መበቃቀሉ ባሰ። ኦክቶበር 7 በኪንግስ ማውንቴን የሻለቃ ፈርጉሰን 1,100 ያህል ታማኞች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞቱ ወይም ተማረኩ። የአካባቢው ታማኝ ከዚያ በኋላ ለመታጠቅ ፈራ፤ የስልቱ ምሰሶ በዚያ ተሰበረ።

የባሪያዎችንም ጉዳይ አለማንሳት አይቻልም። የቨርጂኒያው ገዥ ሎርድ ዳንሞር በኖቬምበር 1775፣ ክሊንተን ደግሞ በጁን 1779 ከአማፂ ጌቶቻቸው ሸሽተው ለሚመጡ ነጻነት ወይም ከለላ አውጀዋል። ሺዎች መጡ። እንግሊዞች ግን አብዛኞቹን አካፋ አስያዟቸው እንጂ በብዛት አላስታጠቋቸውም፤ በሌላ በኩል ባሪያ ያላቸውን ነጮች፣ ታማኞቹንም ጭምር አስደነገጡ። ከሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩ። በ1783 ወደ ኖቫ ስኮሻ ከሄዱት 3,000 ያህል ጥቁሮች ወደ 1,200 የሚጠጉት በ1792 ወደ አፍሪካ ተሻግረው ፍሪታውንን መሥርተዋል።

ከዚያ ኮርንዋሊስ ከውኃ ራቀ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1781 ካውፔንስ ላይ ፈጣኑን ጦሩን አጣ፤ በደቡብ የአማፂዎቹን ጦር የሚመራውን ናትናኤል ግሪንን ለመያዝ ጋሪውን፣ ድንኳኑን፣ አረቄውን አቃጥሎ በእግር አባረረ። ግሪን በየወንዙ ጀልባ አዘጋጅቶ ስለነበር ፌብሯሪ 14 ዳን ወንዝን ተሻግሮ አመለጠ። ማርች 15 ጊልፎርድ ላይ ኮርንዋሊስ አሸነፈ፤ ከ1,900 ሰው 530 ያህሉ ግን ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። የተረፈውን ይዞ ወደ ዊልሚንግተን ወደብ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ሄደ። ግሪን ወደ ደቡብ ዞሮ በመሀል አገር ያሉትን የእንግሊዝ ሰፈሮች በየተራ ለቀመ፤ በዓመቱ መጨረሻ በደቡብ የቀሩት ቻርልስተንና ሳቫና ነበሩ፣ ሁለቱም ወደብ።

ዮርክታውንም የውኃ ታሪክ ነው። ኮርንዋሊስ የመረጠው ወደብ ነበር፤ ሴፕቴምበር 5 ግን የፈረንሳይ 24 መርከቦች የእንግሊዝን 19 ከቼሳፒክ ወሽመጥ አፍ መለሱ። ኦክቶበር 6 ሌሊት የመጀመሪያው የከበባ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ኦክቶበር 14 ሁለት ምሽጎች ወደቁ፣ ኦክቶበር 19 ከ7,000 በላይ ሰው እጅ ሰጠ። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ለምትኖሩ አንባቢዎች ቦታው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መልሰው የተሠሩትን ጉድጓዶችና ምሽጎች በእግር ሲያዩዋቸው ርቀቱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ይገባል።

የትኛውን፣ መቼ

በ1775 ቦስተን ውስጥ ጥቂት ሺህ ወታደር ብቻ ስለነበር የየብስ አማራጮች ሁሉ ዝግ ናቸው። ቦስተንን ቶሎ ለቅቆ መርከብን በወደቦች ላይ ማሠማራት ይሻላል፤ ለመልቀቅ እስከ ማርች 17 ቀን 1776 መቆየቱ ያተረፈው ነገር የለም።

በ1776 ሁለተኛው አማራጭ፣ ከማንሃተን በላይ በመውረድ። ወታደሩ ሙሉ ነው፣ ፈረንሳይ ገና አልገባችም፣ ጠላት ደሴት ላይ ነው። ይህ ሦስቱ የተገጣጠሙበት ሌላ ዓመት የለም።

በ1777 ሦስተኛው፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ በአንድ አዛዥ ሥር። ፊላደልፊያ ይቆይ።

ከ1778 በኋላ አንደኛው፣ ከኒው ዮርክና ከካናዳዋ ወደብ ከሃሊፋክስ ጋር። ቻርልስተንን መያዝም ያስኬዳል፤ ከወደቡ ተነሥቶ በጋሪ የሚኬድ ዘመቻ ግን የለበትም። ይህ አሜሪካን አያስገብርም፤ ለድርድር የሚያዝ ነገር ግን በእጅ ያስቀራል። ደቡብን በታማኞች የመግዛቱን ስልት በየትኛውም ዓመት አልመርጠውም፤ ጥበቃ ሊሰጣቸው የማይችል መንግሥት ሰዎችን በአደባባይ እንዲምሉ መጠየቁ የጦር ስሕተት ብቻ አይደለም።

ይህንን በካርታ ላይ ለመፈተን የሚፈልግ በ32,000 ይጀምር። ከዚያ ለኒው ዮርክ ዘብ፣ በዲሴምበር 1776 ለተያዘችው ለኒውፖርት 6,000 ያህል፣ ለእያንዳንዱ የተያዘ መንገድም ድርሻውን ይቀንስ። ከወንዝ የወጣ ጦር የሚበላውን በጋሪ ያስላ። ከለንደን የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ ከተጻፈ ከሁለት ወር በኋላ ብቻ ይድረስ፤ መልሱም ለመመለስ ከአንድ ወር በላይ ይፍጅ። ሁለት አዛዦች ካሉ ደግሞ ሁለቱም ከለንደን በቀጥታ ደብዳቤ ይቀበሉ፤ በ1781 ክሊንተንና ኮርንዋሊስ የነበሩበት ሁኔታ እሱ ነው።